ቧንቧውን ያላመኑት፦ ላቲኖ አሜሪካውያንና የአንድ ብርጭቆ ውሃ ታሪክ

ሎስ አንጀለስ ወይም ፊኒክስ ውስጥ ስፓኒሽ የሚነገርበት ሰፈር ብትገቡ፣ ከዳቦ ቤቱና ከፀጉር ቤቱ መሀል አንድ ለየት ያለ ሱቅ አይጠፋም። በመስኮቱ ላይ በትልቁ «አጉዋ» ተብሎ ተጽፏል፤ ውሃ ማለት ነው። ሰው ባዶ የፕላስቲክ ዕቃውን ይዞ ይመጣል፣ ያስሞላል፣ ይከፍላል፣ ተሸክሞ ይሄዳል። ሱቅ በሌለበት ደግሞ የመኪና ማቆሚያው ጥግ ላይ ሳንቲም እየበላ ውሃ የሚተፋ ማሽን ቆሟል።

ጉዱ ወዲህ ነው። የዚህ ሁሉ ሰው ቤት ቧንቧ አለው። ቧንቧው ሲከፈት ውሃ ይወርዳል፤ እንደኛ ፈረቃ መጠበቅ የለም። ይህም አልበቃ ብሎ፣ ሱቁም ማሽኑም የሚሸጡት ውሃ አብዛኛውን ጊዜ ያንኑ የከተማውን ቧንቧ ውሃ እንደገና አጣርተው ነው። ታዲያ ሰው ቤቱ ድረስ የመጣለትን ትቶ ለምን ሊገዛ ይወጣል?

«ስላልገባቸው ነው» የሚል መልስ ቶሎ ይመጣል። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ ሌላ ነገር ልንል ነው። ሰዎቹ ያልገባቸው ነገር ስላለ ሳይሆን፣ የማይረሱት ነገር ስላለ ነው እንላለን። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ አይደል ነገሩ?

(ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው። በአካዳሚው ዓለም «ላቲንክስ» የሚባል ወንድና ሴት የማይለይ መጠሪያ አለ። ፒው የተባለው የጥናት ማዕከል በ2020 ባወጣው ጥናት ግን ራሱን በዚህ ስም የሚጠራው ከማኅበረሰቡ 3 በመቶው ብቻ ስለነበር፣ እኛም «ላቲኖ» ብለን እንቀጥላለን።)

ከቁጥሩ እንጀምር

የአሜሪካ መንግሥት የሕዝቡን ጤናና አመጋገብ በየጊዜው የሚያጠናበት ትልቅ አገር አቀፍ ቅኝት አለ። ጥያቄ ይጠይቃል፣ ደምና ሽንትም ይመረምራል። አሸር ሮሲንገር የተባሉ የፔን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው ይህን መረጃ ሲበረብሩ፣ በ2017 እና 2018 የቧንቧ ውሃ የማይጠጣው አሜሪካዊ ከ60 ሚሊዮን በላይ ሆኖ አገኙት። ከነጮቹ የማይጠጣው ከአምስት አንድ ያህሉ ነው። ከላቲኖዎቹ ግን ከ10 ሰው ወደ 4 ይጠጋል። ጥቁር አሜሪካውያንም ከዚህ ብዙ አይርቁም።

በ2017 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ከ8 ሺህ በላይ አዋቂዎችን ሽንት ተመልክቷል። ሰውነት ውሃ ሲያጥረው ሽንት ይወፍራል፤ ያ ይለካል። ላቲኖና ጥቁር አዋቂዎች ከነጮቹ ይልቅ ውሃ ያነሰው ሰውነት ይዘው ተገኙ። ለልዩነቱ ከፊል ምክንያት ሆኖ የተገኘውም የቧንቧ ውሃ አለመጠጣት ነው። እንግዲህ ነገሩ የጣዕም ምርጫ ብቻ አይደለም፤ ኩላሊት ድረስ ይዘልቃል።

ከድንበር ወዲያ የተማሩት

መስከረም 19 ቀን 1985 ማለዳ ሜክሲኮ ሲቲ በመሬት መንቀጥቀጥ ተናጠች። በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሞቱ። ሕንፃዎች ሲፈርሱ ዓለም አየ፤ ከመሬት በታች የተሰበረውን ቧንቧ ግን ያየው የከተማው ሰው ብቻ ነው። ሚሊዮኖች ውሃ አጡ። ከተማው ውሃ ሲመለስለትም እንደ ድሮው አላመነውም፤ ከተሰነጠቀው ቧንቧ ውስጥ ምን እንደገባ ማን ያውቃል?

ሰው ይህን ሳይረሳ ኮሌራ መጣ። በጥር 1991 በፔሩ የባሕር ዳርቻ ከተሞች ጀመረና በዚያው ዓመት በፔሩ ብቻ ከ3 መቶ ሺህ በላይ ሰው ያዘ፤ ወደ 3 ሺህ የሚጠጉትን ገደለ። ላቲን አሜሪካ ኮሌራን ካየች መቶ ዓመት ገደማ ሆኗት ነበር። በሽታው አገር እያቋረጠ በሰኔ ወር ሜክሲኮ ገባ። የሜክሲኮ መንግሥት በዚያው ዓመት «አጉዋ ሊምፒያ» (ንጹሕ ውሃ) የሚል ዘመቻ ከፍቶ ውሃውን በክሎሪን ማከም አስፋፋ። ለእናቶችም ምክር ተሰጠ፦ አፍሉት፣ ካላፈላችሁት አትጠጡት።

እናቶች ሰሙ። ነጋዴዎችም ሰሙ። 20 ሊትር የሚይዘው «ጋራፎን» የሚሉት የፕላስቲክ ዕቃ ከወጥ ቤት ጥግ የማይጠፋ የቤት ዕቃ ሆነ። ዛሬ ሜክሲኮ በነፍስ ወከፍ የታሸገ ውሃ በመጠጣት ከዓለም ግንባር ቀደም ናት፤ በዓመት ለአንድ ሰው ከ200 ሊትር በላይ ይደርሳል። የውሃ ንጽሕና የመንግሥት ሥራ መሆኑ ቀረና የየቤቱ ጉዳይ ሆነ። ሜክሲኮ ውሃን በሕገ መንግሥቷ የሰው መብት ያደረገችው በ2012 ነው፤ ያኔ ግን ልማዱ አንድ ትውልድ አሳድጎ ነበር።

እዚያ ያደገ ሰው ድንበር ሲሻገር ሻንጣ ላይይዝ ይችላል። ይህን ትምህርት ግን ይዞ ነው የሚሻገረው።

ከድንበር ወዲህ የጠበቃቸው

ነገሩ እዚህ ቢያበቃ ኖሮ መፍትሔው ቀላል ነበር። «ያ የድሮ አገራችሁ ነው፣ ይሄ አሜሪካ ነው፣ ጠጡ» ማለት ይበቃ ነበር። ችግሩ አሜሪካም ራሷ ለላቲኖዎች ያቀረበችው ውሃ ሁልጊዜ የሚታመን አልነበረም።

ቴክሳስን እንይ። ከ1950ዎቹ ጀምሮ በድንበሩ አካባቢ ለእርሻ የማይረባ ወይም ጎርፍ የሚያጠቃው መሬት የያዙ ነጋዴዎች መሬቱን ሸንሽነው ለሜክሲኮ ተወላጅ ሠራተኞች መሸጥ ጀመሩ። ቅድሚያ ክፍያው ትንሽ ነው፤ የወሩም አይከብድም። የባለቤትነት ወረቀቱ ግን የሚሰጠው የመጨረሻው ሳንቲም ሲከፈል ብቻ ነው። መሀል ላይ የደከመ ሰው ቦታውንም እስከዚያ የከፈለውንም ያጣል። ውሃውና ፍሳሹ «ይመጣል» ተባለ፤ ለብዙዎቹ ግን አሥርት ዓመታት አለፉ እንጂ አልመጣም። «ኮሎኒያ» የሚባሉት እነዚህ ሰፈሮች ዛሬ ቴክሳስ ውስጥ ብቻ ከ2 ሺህ ይበልጣሉ። ሰው ውሃ በበርሜል እየገዛ ያጠራቅም ነበር፤ አንዳንዱ በርሜል ቀደም ሲል ኬሚካል የተያዘበት ነው። በጉድጓድ የሚጠቀመው ደግሞ ከጎረቤቱ የመጸዳጃ ጉድጓድ ብዙ አይርቅም። የቴክሳስ ምክር ቤት ለእነዚህ ሰፈሮች የውሃና ፍሳሽ ገንዘብ የሚመድብ ፕሮግራም ያቋቋመው በ1989 ነው። ልብ በሉ፣ ሰው ጨረቃ ላይ ከወጣ 20 ዓመት በኋላ!

የካሊፎርኒያው ይብሳል። ቱላሬ የተባለው አውራጃ አሜሪካን ከሚቀልቡት የእርሻ ምድሮች አንዱ ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ የአውራጃው አስተዳደር የልማት ዕቅድ ሲያወጣ፣ 15 ትናንሽ መንደሮችን ለይቶ የወደፊት ተስፋ እንደሌላቸው ጻፈ። ስለዚህ ለውሃና ለፍሳሽ ገንዘብ ባይወጣባቸው፣ ነዋሪው ቀስ በቀስ ይለቃል ተብሎ ታሰበ። ነዋሪዎቹ ብርቱካኑንና ወይኑን የሚለቅሙት ሠራተኞች ናቸው። አልለቀቁም፤ የት ይሂዱ? ውሃው ግን እየተበላሸ ሄደ።

ውሃውን ያበላሸው ያው እርሻው ነው። ማዳበሪያና የከብት ፍግ ናይትሬት ሆኖ ወደ ከርሰ ምድር ይሰርጋል። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ (ዴቪስ) በ2012 ባወጣው ጥናት፣ በቱላሬ ተፋሰስና በሳሊናስ ሸለቆ ወደ ከርሰ ምድር ውሃ ከሚገባው ናይትሬት 96 በመቶው የእርሻ ነው ብሏል። አንድ ዓመት ቀደም ብሎ የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ፣ በዚያው ሸለቆ በሚገኙ አነስተኛ የውሃ ድርጅቶች የላቲኖ ነዋሪ ድርሻ ከፍ ባለ ቁጥር የናይትሬቱም መጠን ከፍ እንደሚል አሳይቷል። ማዳበሪያው በሚበተንበት ማሳ የሚሠራው ሰው፣ ማታ ቤቱ ሲገባ ያንኑ ማዳበሪያ በብርጭቆ ይቀርብለታል ማለት ነው።

በ2011 የተባበሩት መንግሥታት የውሃ መብት ልዩ ራፖርተር ካታሪና ደ አልቡከርኪ ሲቪል የተባለችውን የቱላሬ መንደር ጎበኙ። ሲቪል ውስጥ ሰው ለአንድ ውሃ ሁለት ጊዜ ይከፍል ነበር። አንዴ ለማይጠጣው ቧንቧ ቢል፣ አንዴ ለሚጠጣው የታሸገ ውሃ።

ማፍላት የማያድነው ውሃ

እዚህ ላይ ቆም ብለን አንድ ነገር እንይ፤ ለኛም ይጠቅማል።

ከአገር ቤት የመጣው ትምህርት «አፍላው» የሚል ነበር። ማፍላት ጀርምን ይገድላል፤ ለኮሌራ ፍቱን ነው። ናይትሬትን ግን አይነካውም። እንዲያውም ውሃው ተንኖ ሲያንስ የቀረው ናይትሬት ይበልጥ ይጠነክራል። ናይትሬት የበዛበት ውሃ ደግሞ በዱቄት ወተት ለሚያድግ ጨቅላ ደሙ ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርገዋል፤ ሕፃኑ ይጠቁራል፣ ሊሞትም ይችላል። አርሴኒክና የእርሳስ ብረትም በማፍላት አይወጡም። አንዲት ጠንቃቃ እናት በአገሯ ልጇን ያዳነችበት ጥበብ፣ በአዲሱ አገሯ ልጇን ሊጎዳ ይችላል። ይህን የሚነግራት ወረቀት የሚመጣው ደግሞ በማታነበው ቋንቋ ከሆነ አስቡት።

የክሎሪንም ነገር አለ። ለመሐንዲሱ የክሎሪን ሽታ ማለት ውሃው ታክሟል ማለት ነው። ጥርጣሬ ላለበት ሰው ግን ያው ሽታ «የሆነ ነገር ጨምረውበታል» ማለት ነው። አንድ ሽታ፣ ሁለት ትርጉም።

የኛም ሰዎች የነበሩበት ከተማ

አሁን ወደ ዋሽንግተን ዲሲ እንሂድ። በአዳምስ ሞርጋንና በአካባቢው ሰፈሮች ከ1980ዎቹ ጀምሮ ሁለት ስደተኞች ጎን ለጎን ኖረዋል፦ ከእርስ በርስ ጦርነት የሸሹት ሳልቫዶራውያንና የኛው ኢትዮጵያውያን። የሚጠጡት ውሃም አንድ ነበር።

በኅዳር 2000 የከተማዋ ውሃ ማከሚያ ከክሎሪን ወደ ክሎራሚን ተለወጠ። ዓላማው ክፉ አልነበረም፤ ክሎሪን የሚያስከትላቸውን ጎጂ ውሁዶች ለመቀነስ ነው። ነገር ግን በአሮጌዎቹ የእርሳስ ቧንቧዎች ውስጥ ለዘመናት የተጋገረው ሽፋን በአዲሱ ኬሚካል መሟሟት ጀመረ፤ እርሳሱም ወደ ውሃው ገባ። በ2003 ወደ 6 ሺህ ገደማ ቤቶች ሲመረመሩ ከ4 ሺህ በላይ የሚሆኑት ከተፈቀደው ወለል በላይ ሆነው ተገኙ። ሕዝቡ በደንብ ያወቀው ግን ዋሽንግተን ፖስት በጥር 2004 መጨረሻ ሲጽፈው ነው። በዚያው ዓመት የአገሪቱ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ጉዳቱን የሚያቃልል ሪፖርት አወጣ። በ2010 የምክር ቤቱ ንዑስ ኮሚቴ ሪፖርቱ አሳሳች እንደነበር አጋለጠ። ስድስት ዓመት! ያኔ ጡት ይጠባ የነበረ ልጅ ትምህርት ቤት ገብቷል።

በዚያው በ2004 ዲሲ አንድ ጥሩ ሕግም አወጣች። የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች ዋና ዋና ሰነዶቻቸውን በነዋሪው ቋንቋ እንዲያቀርቡ የሚያስገድድ ሕግ ነው። ከቋንቋዎቹ መሀል ስፓኒሽና አማርኛ አሉበት። ይህ ሕግ ለጌጥ አይደለም፤ «ይህን ውሃ ለሕፃን አትስጡ» የሚል ማስጠንቀቂያ በሚገባ ቋንቋ መድረስ አለመድረሱ የሕይወት ጉዳይ ነው።

ፍሊንት፦ በር ሲንኳኳ

የቋንቋው ነገር በፍሊንት፣ ሚሺጋን እርቃኑን ወጣ። ሚያዝያ 25 ቀን 2014 ከተማዋ ወጪ ለመቀነስ ብላ ከዲትሮይት የምትገዛውን ውሃ ትታ ከፍሊንት ወንዝ መቅዳት ጀመረች። ቧንቧው እንዳይበላ የሚከላከለው ኬሚካል አልተጨመረም። ውሃው ቀለሙ ተለወጠ፣ ሸተተ፣ ሰው ጮኸ፤ ባለሥልጣናቱ «ደኅና ነው» አሉ። በመስከረም 2015 ዶክተር ሞና ሃና አቲሻ የሕፃናቱ ደም ውስጥ እርሳስ መጨመሩን በመረጃ እስኪያሳዩ ድረስ ብዙ ተጠጣ። ዲሲን የመረመሩት የቨርጂኒያ ቴክ ፕሮፌሰር ማርክ ኤድዋርድስም እዚያው ተገኝተዋል።

የፍሊንት አብዛኛው ነዋሪ ጥቁር አሜሪካዊ ነው። በመሀሉ ግን በሺዎች የሚቆጠሩ ላቲኖዎችም አሉ፤ የእነሱ ታሪክ ብዙ አልተወራም። ማስጠንቀቂያው መጀመሪያ የወጣው በእንግሊዝኛ ነበር። በጥር 2016 የአስቸኳይ ጊዜ ታውጆ ነጻ ውሃ መታደል ሲጀምር፣ በአንዳንድ ማደያዎች መታወቂያ ተጠየቀ። ወረቀት የሌለው ሰው ባዶ እጁን ተመለሰ። ዩኒፎርም የለበሱ የብሔራዊ ዘብ አባላት ውሃና ማጣሪያ ይዘው በር ሲያንኳኩ ደግሞ፣ የኢሚግሬሽን ሰዎች መሰሉትና ያልከፈተ ብዙ ነው። ውሃው መርዝ መሆኑን የሚናገረው መንግሥትና ከአገር የሚያባርረው መንግሥት አንድ ዓይነት ልብስ ሲለብሱ፣ ሰው የትኛውን ይመን?

ከፍሊንት በኋላ የቧንቧ ውሃ የማይጠጣው ሰው በመላ አገሪቱ ጨመረ። ፍሊንትን ረግጠው የማያውቁ ሰዎች ጭምር ናቸው የተዉት። እባብ ያየ በልጥ በረየ።

የጥርጣሬ ዋጋ

እዚህ ድረስ ስናወራ ለተጠራጣሪዎቹ ጠበቃ የቆምን መስለናል። ቆመናልም። ግን ሌላውን ገጽ አለማሳየት ሐቅ መደበቅ ይሆናል።

በአሜሪካ ከ10 ሰው ለ9ኙ የሚደርሰው የቧንቧ ውሃ የጤና መመዘኛዎቹን ያሟላ ነው። በብዙ ትልልቅ ከተሞች የሚኖር ላቲኖ ቤቱ ያለው ውሃ የሚጠጣ ነው። የታሸገው ደግሞ የግድ ከዚያ የጠራ አይደለም፤ በ2007 ፔፕሲ «አኳፊና» የሚለው ውሃው ምንጩ የሕዝብ ውሃ መሆኑን በጠርሙሱ ላይ ለመጻፍ ተስማምቷል። እኛ አገር የማንኛውም ውሃ ፕላስቲክ «ሃይላንድ» ተብሎ ቀረ እንጂ፣ ከመለያው ጀርባ ያለው ውሃ ከየት እንደመጣ ስንቶቻችን ጠይቀናል?

ዋጋው ደግሞ ብዙ ነው። አንድ ጋሎን የቧንቧ ውሃ በአብዛኛው ከተማ 2 ሳንቲም እንኳ አይሞላም። ከማሽን ሲቀዳ 25 ሳንቲምና ከዚያ በላይ ነው፤ በጠርሙስ ሲገዛ ብዙ እጥፍ። ይህን የሚከፍለው ብዙ ጊዜ ደሞዙ ትንሽ የሆነው ነው። ገንዘቡ ሲያጥር ውሃው ይቆጠባል። በእርሻና በግንባታ የሚሠራ ሰው ውሃ ሲቆጥብ ምን እንደሚሆን ካሊፎርኒያ ታውቃለች። በ2005 ቀጣሪዎች ለእያንዳንዱ የደጅ ሠራተኛ በሰዓት አንድ ሊትር ያህል ውሃ እንዲያቀርቡ አዘዘች። በ2008 ግን አንዲት የ17 ዓመት ነፍሰ ጡር የወይን እርሻ ሠራተኛ በሙቀት ወድቃ ሞተች፤ ውሃው ከምትሠራበት ቦታ የ10 ደቂቃ መንገድ ይርቅ ነበር።

ባዶውን ቦታ ደግሞ ሌላ ነገር ይሞላዋል። ውሃ ያልታመነበት ቤት ውስጥ ለስላሳና ጭማቂ ይታመናል፤ ልጅ ከነስኳሩ ያድጋል። አሜሪካ ከ1945 ጀምሮ በብዙ ከተሞች የቧንቧ ውሃ ላይ ፍሎራይድ ስትጨምር ኖራለች፤ አብዛኛው የታሸገ ውሃ ግን ፍሎራይዱ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ልጁ ስኳሩን አግኝቶ ጥርሱን የሚጠብቅለትን አጣ ማለት ነው። ውሃ ባነሰው ሰውነት ላይ የኩላሊት ጠጠርም ይበረታል።

እምነት በማስታወቂያ አይመለስም

ከ1999 ጀምሮ የአሜሪካ የውሃ ድርጅቶች በውሃቸው ውስጥ የተገኘውን ሁሉ የሚዘረዝር ሪፖርት በየዓመቱ ለደንበኛ ይልካሉ። ሐሳቡ ግሩም ነው። ወረቀቱ ግን በሰንጠረዥና በምሕጻረ ቃል የታጨቀ ነው፤ ደግሞም የሚደርሰው ቢሉ በስሙ ለሚመጣለት ሰው ነው። ተከራይ ብዙውን ጊዜ አያየውም። የመጨረሻዋ ሁለት ሜትር፣ ማለትም የቤቱ የራሱ ቧንቧ፣ የአከራዩ ንብረት ናት። ከማጣሪያ ጣቢያው ጠርቶ የወጣ ውሃ እዚያች ሁለት ሜትር ላይ ሊበላሽ ይችላል። «የከተማው ውሃ ንጹሕ ነው» የሚለው መሐንዲስና «የኔ ቤት ውሃ ቡኒ ነው» የምትለው ተከራይ ሁለቱም እውነታቸውን ሊሆን ይችላል።

እምነት የተመለሰበትን ቦታ ለማየት ወረቀቱን ትተን ቁፋሮውን እንይ። በ2012 ካሊፎርኒያ ውሃ የሰው መብት ነው የሚል ሕግ ያወጣች የመጀመሪያዋ ክፍለ ሀገር ሆነች። በ2014ቱ ድርቅ ኢስት ፖርተርቪል የተባለው በአብዛኛው የላቲኖዎች ሰፈር ጉድጓዶቹ በመቶዎች ደረቁ፤ ከዚያ ጎረቤቱ ካለው ከተማ መስመር ጋር ተገናኘ። በ2018 ሎስ አንጀለስ አውራጃ ውስጥ ቡኒ ውሃ ሲያጠጣ የነበረው ሳቲቫ የተባለ አነስተኛ የውሃ ድርጅት፣ ነዋሪው ጠርሙሱን ይዞ ስብሰባ ላይ ሲጮህ ከርሞ፣ በሕግ ተነጠቀና ለአውራጃው ተሰጠ። በ2019 ለእንዲህ ዓይነት ሰፈሮች በዓመት እስከ 130 ሚሊዮን ዶላር የሚመድብ ሕግ ወጣ። በ2024 ደግሞ የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት የእርሳስ ቧንቧዎች በአብዛኛው በ10 ዓመት ውስጥ ተነቅለው እንዲወጡ የሚያዝ ደንብ አወጣ።

ከእነዚህ አንዱም በላቲኖዎች ትዕግሥት የመጣ አይደለም። ቡኒውን ውሃ በጠርሙስ ይዘው ስብሰባ የገቡት እናቶች ባይኖሩ ኖሮ አይመጣም ነበር። ጥርጣሬያቸው ድክመት ተብሎ ተጽፎባቸዋል፤ ለውጡን ያመጣው ግን እሱው ነው።

እኛ እንደሚመስለን ጥያቄው «ሰዎቹ ቧንቧውን እንዴት ያምኑ?» አይደለም። ጥያቄው «ቧንቧው እንዴት የሚታመን ይሁን?» ነው። ቧንቧው ይጠገን፤ ከዚያ በየቤቱ ይመርመር፤ ከዚያ ውጤቱ እናት በምታነበው ቋንቋ ይነገር። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። ከመጨረሻው የጀመረ፣ ማለትም ምንም ሳይጠግን «ጠጡ» ብሎ ፖስተር የለጠፈ፣ ለአጉዋ ሱቁ ደንበኛ ጨመረለት እንጂ ሌላ ምንም አልሠራም።